አቤል የተሸከመልኝ ድንጋይ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ትንንሾቹን ጥፋቶቼን፣ እናቴን መቆጣቴን፣ በቅዳሴ መሐል ስልክ ማየቴን፣ አንድ በአንድ እዘረዝር ነበር፤ ይህን ግን ምላሴ ሥር እንደያዝኩት መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። አባ "ጎበዝ ልጅ" ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኛል። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ፣ እናገራለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ። ወይም ደግሞ ፊትዎ ሲለወጥ ስለማላይ ይሆናል።

ስሜ ቤተልሔም ነው፤ ቤቲ ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ይህ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፤ ባዮሎጂ ለማጥናት አስቤአለሁ። ነገሩ የሆነው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ያደረግሁት ይህ ነው፦ መንገዱን እያወቅሁ ሁለት ጓደኞቼን በተሳሳተ መንገድ ወሰድኳቸው። ጥፋቱ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሲወድቅ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ "አዎ" አልኩ። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ማመካኛ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ቢሆንም ማወቅ እፈልጋለሁ። መምህር ጠይቆ ሳይጨርስ እጇን የምታወጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ማንም ሳያዛት በር ላይ ያለውን ጫማ የምታስተካክል ልጅ፣ እንዴት አድርጋ ያን ያህል በቀላሉ ዋሸች? ይህን ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል።

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ አንድ አፓርታማ ላይ ነበር፤ እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ከኛ በላይ ሐናን ከእናት አባቷ ጋር ትኖር ነበር። አቤል ደግሞ ከእናቱ ከእትዬ አስቴር ጋር ምድር ቤት። የሐናን እናት እትዬ ዘሀራና እትዬ አስቴር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ በአንድ መኪና ይሄዳሉ፣ በአንድ መኪና ይመለሳሉ፤ አንዷ ሺፍት ስትቀይር ሌላዋም ትቀይራለች። እኛ ልጆቹ የማን ቤት እንደበላን ማንም አይጠይቅም ነበር። የሐናን አባት ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው። ፍሪድሊ በምትባል ሌላ ከተማ ለልብ ሕመምተኞች የሚገጠም መሣሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁራሪት ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ አንዲት አውራ ጣት ስለማታህል እንቁራሪት ነገረችን። በበረዶው ወራት ደረቅ ቅጠል ሥር ገብታ ትተኛለች። ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ልቧ ቀጥ ትላለች። ትንፋሽ የላትም፤ ሞታለች ቢባል የሚከራከር የለም። ሙቀት ሲመጣ ግን ያቺ ልብ እንደገና መምታት ትጀምራለች፤ ትንሽ ቆይቶም ረግረጉ ሁሉ በጩኸት ይሞላል። መምህራችን "አፕል ቫሊ አካባቢ ባለው ትልቁ ፓርክ፣ በረዶው እንደቀለጠ ሰሞን፣ ምሽት ላይ ይሰማል" አለች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ማን ነው ቀስቅሶ "ተነሺ፣ ምቺ" የሚላት? የመጀመሪያዋ ምት ከየት ትመጣለች?

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። ሐናን ትጾማለች፤ እኔና አቤልም እንጾማለን። አቤል ላይሰንስ ካወጣ ገና ወር አልሞላውም፤ እናቱ መኪናዋን አልፎ አልፎ ትሰጠዋለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄደን፣ እንቁራሪቶቹን ሰምተን፣ ከአፍጥር በፊት ቤት ለመግባት ተስማማን። የቀረው ጋሽ ሰይድን ማስፈቀድ ነበር። ያን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ለምን ለእኔ? ጋሽ ሰይድ እኔን እምቢ ስለማይሉ ነው።

ስለ እንቁራሪቷ ልብ ስነግራቸው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቆማ? እንዲያው ቀጥ ብላ?"

"ቀጥ ብላ ጋሼ። ከዚያ ራሷ ትነሣለች።"

"ያለ ባትሪ?" ብለው ሳቁ። "እኛ እኮ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ሆነን ያለ ባትሪ አልቻልንበትም! በሉ ሄዳችሁ አጣሩልኝ። ማነው ድራይቭ የሚያደርገው?"

"አቤል።"

ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ "አንቺ ካለሽበት አብሽር፣ ምንም አይደል። ሐናንን የሰጠሁት ላንቺ ነው።"

ለእኔ ነው የሰጡኝ። ለአቤል አይደለም።

በመንገድ ላይ ስንሳሳቅ ሄድን። የኛ ጾም ከቀትር በኋላ ይፈታል፤ አቤል ግን ሐናን ፊት አልበላም ብሎ እሱም አፉን እንደዘጋ ዋለ። "አብሬሽ አፈጥራለሁ፤ እናትሽ ሳምቡሳ እየጠበሰች እንደሆነ ሸቶኛል" አላት። ነዳጅ ቀድተን ስንወጣ ደግሞ "ከአራታችን የበላችው መኪናዋ ብቻ ናት" አለ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ነበር።

ስልክን በሚመለከት እንዲህ ነበር። የሐናን ስልክ መስታወቱ ተሰብሮ ጥገና ገብቷል። የአቤል አሮጌ ስልክ ቻርጅ እንዲያደርግ መኪናው ውስጥ ቀረ። ስለዚህ የፓርኩ ካርታ ያለው እኔ እጅ ላይ ብቻ ነበር። ይህንንም ወድጄው ነበር። ቀድሜ መሄድ፣ "በዚህ በኩል ነው" ማለት፣ እነሱም ሲከተሉኝ ማየት ደስ አለኝ።

መንገዱ በሐይቆችና በዛፎች መካከል የሚዞር የእግር መንገድ ነው። አንዳንድ ጥላ ቦታ ላይ ገና የቆሸሸ በረዶ አለ፤ ሌላው ጭቃ ነው። አንድ ሐይቅ ዞርን፤ እንቁራሪት የለም። ዳክዬ ብቻ። ፀሐይዋ ዝቅ አለች። ሐናን "እንመለስ፣ ይበቃናል" አለች። እኔም እሺ አልኩ፤ እሺ ማለት ልማዴ ነው። ከዚያ መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ጋ ደረስን።

እዚያ ቆመን ሳለ ሰማሁት። ከግራ በኩል፣ ከሩቅ። በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ጥፍር ቀስ ተደርጎ ሲጎተት የሚወጣውን ድምፅ ያውቁታል? እንደዚያ ነው። አንዴ፣ ከዚያ ብዙ ሆኖ። እነሱ አልሰሙትም፤ አቤል ስለ ሳምቡሳ እያወራ ነበር።

"ቤቲ፣ በየት ነው?" አለኝ።

ስልኬን አየሁ። መኪናችንን ያቆምንበት ፓርኪንግ በቀኝ በኩል ነበር፤ ቅርብ ነበር፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ልትነካው ምንም አልቀራትም።

"በግራ" አልኩ።

ለምን እውነቱን ነግሬ አልለመንኳቸውም? "እንቁራሪቶቹ በዚያ ናቸው፤ እባካችሁ ትንሽ እንሂድ" ብል ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት እሺ ይሉኝ ነበር። ምናልባት ሐናን "አባቴ" ትል ነበር። ያን አንድ ቃል መስማት አልፈለግሁም። ለራሴ ነገር ሰውን መለመን አልችልበትም፤ መታዘዝ ብቻ ነው የማውቀው። እናም የምፈልገውን ሳልለምን ወሰድኩት። መስረቅ ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

በግራ ሄድን። ጥቂት እንደተጓዝን አሮጌ የእንጨት ድልድይ አገኘን። ሐናን ቆመች። "ስንመጣ ይህን ድልድይ አላየነውም። ቤቲ፣ ማፑን እስቲ እንደገና እዪው።"

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። በጎን ያለውን ቁልፍ ተጭኜ ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅሁ፤ በጣቴ ሲርገበገብ ተሰማኝ። ከዚያ አወጣሁትና ጥቁሩን መስታወት አሳየኋቸው። "ዘጋብኝ። ባትሪ ጨርሷል።"

አልጨረሰም ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በእጄ ነው ያጠፋሁት።

አቤል "ችግር የለም፣ መንገዱ መቼም ይዞራል" አለና ወደ ፊት ሄደ። እኛም ተከተልነው። ረግረጉ ጋ ስንደርስ ድምፁ ቀጥ አለ። ሰው ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ፤ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያን ሁሉ ውሸት የዋሸሁት ለዝምታ ሆነ። "ትንሽ እንቁም፤ እዚህ አካባቢ መሆን አለባቸው" አልኩ። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ገባች።

ሐናን ሰማዩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። "መግሪብ ደረሰ" አለች ብቻ።

ተምር የለም። ቆሎዬን አውጥቼ ውሃውን ሰጠኋት። አቤል "ገብስ የተምር የአክስት ልጅ ነው፤ ይቆጠርልሻል" አለ፤ ሳቀች። ሁለቱም ከመዳፌ ዘግነው ቆረጠሙ። እኔም ቆረጠምኩ። ከዚያ ሐናን ልሰግድ ነው አለች። አቤል ጃኬቱን አውልቆ ጭቃው ላይ አነጠፈላት። እሷም ዙሪያዋን እያየች "ቂብላው በየት ይሆን?" አለች። ሲሰግዱ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ቤት ውስጥ ታውቀዋለች፤ መስኮቱ ጋ ነው። ጫካ ውስጥ ግን በምን ይታወቃል? ፀሐይዋ የገባችበትን በእጇ አመለከተች፤ ዞረች፤ እንደገና ዞረች፤ በግምት አንዱን ያዘች።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አብርቼው ቢሆን በአንድ አፍታ ያሳያት ነበር። ዝም አልኩ። በእሷና በፈጣሪዋ መካከል ገብቼ ዝም አልኩ። ካደረግሁት ሁሉ አንዳንድ ቀን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ይህኛው ነው።

እሷ ስትሰግድ እኔና አቤል ለክብሯ ስንል ሳንነቃነቅ ቆምን። ከዚያ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ አንዱ ጀመረ። ከእግራችን ሥር የመጣ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ረግረጉ በሙሉ። ጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ደረት ላይ ይመጣል። ሐናን ግንባሯ መሬት ላይ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በፊት ልባቸው ቆሞ የነበሩ ፍጥረታት ዙሪያዋን ሞልተው ይጮኻሉ። ስትነሣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አቤል አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

እውነቱን ልናገር ከሆነ ሙሉውን ልናገር። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሰረቅሁት ምሽት ነበር፤ ያም ሆኖ እስካሁን ከኖርኳቸው ምሽቶች ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። ይህን ምን አደርገዋለሁ? መጸጸት ማለት ያን ድምፅ ባልሰማሁ ኖሮ ብሎ መመኘት ከሆነ፣ እሱን አልቻልኩበትም።

ከዚያ ጨለመ፤ እውነተኛው መጥፋትም መጣ። መንገዱ በውሃ ተሸፍኖ ነበር። ስልኬን እንዳላበራ ውሸቴ ሊወጣ ነው፤ እንዳልተወው እየጠፋን ነው። ውሸቴን መረጥኩ። አቤል "በዚህ ነው፣ የመኪና ድምፅ ይሰማኛል" እያለ መራን፤ አልፎ አልፎ ተሳሳተ። የሐናን አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ስንፈልግ አጣነው፤ እግሯን ሸምበቆ ቆረጣት። አቤል የራሱን ጫማ ሰጥቷት በካልሲ ሄደ። በመጨረሻ ከአንድ ሰፈር ቤቶች ጓሮ ወጣን። የቆሻሻ በርሜል የሚያወጣ ሰውዬ ስልኩን ሰጠን፤ ሐናን አባቷ ጋ ደወለች።

ጋሽ ሰይድ ሺፍታቸውን ጥለው መጡ። ፋብሪካ ውስጥ የሚያደርጉትን የፀጉር መሸፈኛ እንኳ አላወለቁም ነበር። መጀመሪያ የልጃቸውን እግር አዩ። ከዚያ በካልሲ የቆመውን ልጅ።

"ማነው እዚህ ያመጣችሁ?"

አቤል ወዲያው "እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅርታ" አለ። ድራይቭ ያደረገው እሱ ነው፤ በጨለማው የመራን እሱ ነው፤ ወንዱም እሱ ነው። በልቡ ጥፋቱ የሱ መስሎታል። ሐናን "ሁላችንም ነን አባ" አለች። ጋሽ ሰይድ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ የሚያምኑት የእኔን ቃል ነዋ።

"ቤቲ፣ አንቺ ንገሪኝ። እሱ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

አንድ ቃል። ከዚያች ቃል በኋላ ጋሽ ሰይድ አቤልን ያዩበትን አስተያየት አይቻለሁ። የጠፋ ልጅን አያዩም ነበር። ሴት ልጃቸውን ሆን ብሎ ጫካ ያስመሸን ወንድ ነበር የሚያዩት። ያን አስተያየት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የእትዬ አስቴርን መኪና ለነገ ትተን በጋሽ ሰይድ መኪና ስንመለስ ከኋላ ከአቤል ጋር ተቀመጥኩ። እናቴ ትጨነቃለች ብዬ፣ በመዳፌ ከልዬ ስልኬን አበራሁት። ማንም አላየኝም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትዎትም። የኛ ሰው ሲያወራ እያንዳንዱ ትንሽ ይጨምርበታል። በሳምንቱ "ልጆቹ መንገድ ጠፋባቸው" የነበረው "የአስቴር ልጅ ልጃገረዶች ጫካ ወሰደ" ሆነ። እትዬ አስቴርና እትዬ ዘሀራ በአንድ መኪና መሄድ ተዉ። እትዬ አስቴር ልጇን መኪና ከለከለች፤ ራሷም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰው ካለ ቅርጫቷን ይዛ ትመለስ ጀመር። እኔን ግን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ትስመኝ ነበር። "አንቺ እንኳ በመኖርሽ" አለችኝ አንድ ቀን። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይሉት ነበር ልጄን?" ሳመችኝ፤ እኔም ተሳምኩ።

ዒድ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ገባ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን። ጋሽ ሰይድ ቤት ተሰበሰብን። እኔም ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ በሩ አጠገብ ቆሜ ሻይ አቀብላለሁ። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቤል ነው፤ አጎንብሷል፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አለ። እናቱ በአገሯ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚገባ ነግራዋለች። እሱ ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ፣ ሄዶ ከሕንፃው መግቢያ ካለው የአበባ መደብ ትልቁን ክብ ድንጋይ ነቅሎ መጥቷል። እትዬ አስቴር ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። "ትንሽ ጠጠር ነበር ያልኩት! ወይኔ ልጄ!"

አቤል በተሰባበረ አማርኛ "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ" አለ። ከአንገቱ ጭቃ እየወረደ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ጣለው ልጄ፣ ጣለው።"

አቤል ምንጣፉን አየና "የት ላስቀምጠው?" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ጋሽ ሰይድ አቅፈው ሳሙት። ተመረቀ፤ አንዱ ወገን አሚን አለ፣ አንዱ ወገን አሜን። እኔም አሜን አልኩ። ድንጋዩ መሬት ላይ ነበር። ማንም አላየኝም፤ መናገር እችል ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ሰዓት በዓለም ላይ የለም። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞረው "ነይ እስቲ ቤቲ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ይህን ድንጋይ ከቦታው መልሺልን" አሉኝ።

አንሥቼ ወጣሁ። በእጄ ነው የያዝኩት፤ በማጅራቴ አይደለም። አቤል በር ሊከፍትልኝ ተከተለኝ። ደረጃው ላይ "ልያዝልሽ?" አለ። ግዴለም አልኩ። ታች ስንደርስ በሩን ይዞ፣ እኔን ሳያይ እንዲህ አለኝ።

"ስልክሽ ያን ቀን አልዘጋም ነበር፤ አይደል? መኪና ውስጥ ስታበሪው አይቻለሁ።"

ድንጋዩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። "ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ።" በሩን በትከሻው ደገፈው። "ዛሬም እንደዚያ ብዬ ነበር።"

በሩን ለቀቀና ተመልሶ ወጣ። እኔም ድንጋዩን አበባ መደቡ ውስጥ አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።

በዚያው ዓመት እትዬ አስቴር አፕል ቫሊ ቤት አግኝታ ሄደች። ሐናን ዘንድሮ ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄዳለች። አቤል አሁን ቀን እየሠራ ማታ ይማራል ይባላል። እኔም አልደወልኩለትም፤ እሱም አልደወለልኝም። ለምን ዝም እንዳለ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። እኔን ለማዳን ነው? ወይስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ለማየት? እኔ እንቁራሪቶቹን እንደጠበቅሁ እሱም እኔን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው፤ ሳይነቃነቅ፣ ድምፅ እስካወጣ።

በዚህ ሰሞን ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚኒሶታ እንቁራሪቶችን ድምፅ ከፍተው አሰሙን። ያ የማበጠሪያ ድምፅ ሲመጣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ሳቀች። እኔ ቦርሳዬን ሳልይዝ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ሄድኩ። ድንጋዩ እዚያው ነበር፤ ከመሬቱ ጋር በረዶ ይዞት ስለነበር በእግሬ ደጋግሜ ስመታው ነው የተነቀለው። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። ያን ያህል ከባድ መሆኑን በእጄ ስይዘው አላወቅሁም ነበር።

ጋሽ ሰይድ በር ከፍተው ሳቁ። "ደግሞ አንቺ ምን አጥፍተሽ ነው? ግቢ፣ ግቢ፤ አውርጂው፣ ወገብሽን!"

"መጀመሪያ ልናገር ጋሼ።"

ተናገርኩ። በግራ ማለቴን፣ ቁልፉን መጫኔን፣ ቂብላውን፣ "አዎ"ን። ወለሉን እያየሁ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ጫማ ማውለቂያው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ።

"ለመሆኑ ጮኹ?" አሉ በመጨረሻ።

"ምን ጋሼ?"

"እንቁራሪቶቹ።"

"ጮኹ።"

"ሐናን ነግራኛለች። ሶላት ላይ ሳለች ነው አለችኝ።" ወንበሩ ተንቋቋ። "ስሚ ልጄ። እኔን የበደልሽውን ለአላህ ብዬ ትቼልሻለሁ። የሐናንን ራሷ ታውቃለች። ድንጋዩን ግን አውርጂ ልልሽ አልችልም። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። እኔም ያን ልጅ በክፉ ዓይን አይቼዋለሁ፤ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ። አንቺ ቅደሚ።"

እናም ድንጋዩን ይዤ ወረድኩ። በእናቴ መኪና ከፊት ወንበር ላይ፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ሞተሩን ሳስነሣ መኪናዋ መጮህ ጀመረች፤ ክብደቱ ሰው መስሏት ነው። እስካሥርለት ድረስ አላቆመችም። ቀበቶ አሰርኩለት።

አሁንም እዚያው ታስሮ ተቀምጧል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አፕል ቫሊ እሄዳለሁ። ይህን ዛሬ የጻፍኩት አቤል በር ሲከፍት ምላሴ እንዳይከዳኝ ነው፤ እንደገና ጨዋ ሆኜ፣ ስለ እናቱ ጤና ጠይቄ፣ ሻይ ጠጥቼ እንዳልመለስ ነው። ሐናን፣ ይህን ስታነቢ፣ አቅጣጫው በኪሴ ነበር። ለአንቺም በርሽ ላይ እመጣለሁ።

አንባቢዬ፣ ልጅ ነበረች ይሉኝ ይሆናል። ልጅ ነበርኩ፤ አቤልም ልጅ ነበር። ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ ጋሽ ሰይድ እንዳሉት ባለቤቱ ሌላ ነው፤ እሱም አውርጂው ላይለኝ ይችላል። ካላለኝ ይዤው እመለሳለሁ። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመናገሬ "ጎበዝ ልጅ" አይበሉኝ።